የጋራዥ ሰፈር አቧራና የምትድህ ልጅ፦ ቤቱን ልከራይ ወይስ ልተወው?

ቡና ጠጭዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ጅማዎች። የባለቤቴ ሥራ ወደ መሀል ከተማ ስለተዛወረ ቤት እየቀየርን ነው። አንድ ቤት አግኝተናል፤ ሁለት ክፍል፣ ውኃ ያለው፣ ኪራዩም ለዚህ ዘመን ደህና የሚባል። ችግሩ ቦታው ነው። ጋራዥ፣ ብየዳ ቤትና ጎሚስታ የተደረደረበት መንገድ ላይ ነው፤ በረንዳው ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። የመስኮቱን ደፍ በጣቴ ብነካው ጠቆር ያለ ቀይ አቧራ ነው። ልጄ ገና መዳህ ጀምራለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። አከራይዋ «አፈር ያልበላ ልጅ አያድግም» ብለው ሳቁብኝ። በሌላ በኩል የጋራዥ አቧራ ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም ምናምን አለ ሲባል እሰማለሁ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የእውነት ያስፈራል ወይስ ወሬ ነው? ማስክ ላድርግላት?

አቦ ተው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

አቦ ተይ እህቴ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ምን ፋብሪካ አለና ነው? በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለልብስ ስፌት ታስቦ የተሠራ ነው። የቀረው ቡና ማበጠሪያ ነው። ቀይ አፈር ላይ ተወልደን፣ በክረምት ጭቃ በበጋ አቧራ ለብሰን አድገናል። ፌስቡክ ላይ ያየሽውን ሁሉ አትመኚ።

ጎሚስታው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

አቦ ተው፣ ፋብሪካ ማለት ትልቅ ግንብና ጭስ ማውጫ ብቻ መሰለህ? ዕድሜዬን የጨረስኩት ጋራዥ ሰፈር ነው። መንገዳችን ራሱ ፋብሪካ ነው፤ አጥርና ዘበኛ የለውም እንጂ።

አንዱ ላሜራ በዲስክ ይቆርጣል። ቀጥሎ ያለው የአሮጌ መኪና ቀለም በደረቁ ይፍቃል፤ ዱቄቱ እግሩ ስር ይከመርና ማታ በመጥረጊያ ወደ አስፋልቱ ይገፋዋል። የፍሬን ሸራ ሲቀየር ታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቁር ዱቄት በኮምፕሬሰር ቡፍ ያደርጉታል፣ የሚነፋውም ልጅ አፉን አይሸፍንም። የተቃጠለ ዘይት «አቧራ ይይዛል» እየተባለ ደጅ ላይ ይደፋል። እኛም ጋ ጉድ አለ። ጎማ ሚዛን ሲጠብቅ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የምንመታት ትንሽ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ናት። ጉድጓድ ላይ ስትነጥር ትወልቃለች። ከዚያ በኋላ አይሱዙውም ባጃጁም ይሄድባታል፣ ይፈጫታል። ማን ያነሳታል?

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር ልለይልሽ ልጄ። ጎማና ብየዳ አንድ ነገር ነው፤ ባትሪ መስበር ሌላ ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ከቆራሌው የሚገዙት የሞተውን ባትሪ ሰብረው አሲዱን መሬት ላይ ያፈሱታል፣ እርሳሱንም በከሰል ያቀልጡታል። ቤቱን ከመያዝሽ በፊት ግራ ቀኙን እይ። ይህ ሥራ ካለ አትግቢ፤ በነፃም ቢሰጡሽ።

ናሙና ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

የዕለት ሥራዬ አፈርና አቧራ በአሲድ አሟሙቶ ብረቱን መለካት ነው፤ ስለዚህ ላስረዝምባችሁ ነው፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ «ከባድ ብረት» ብለን ሁሉንም በአንድ ጆንያ አንክተተው። የእኛ አፈር ቀይ የሆነው ብረት (አይረን) ስለሞላው ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ድንጋይ ለዘመናት በዝናብ ሲበሰብስ የሚቀረው ይኸው ነው። ባዛልት ደግሞ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ይበዛበታል፣ ማንጋኒዝም አለው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከጅማ መንገድ አቧራ ዘግኖ ለክቶ «ክሮሚየሙ ከአውሮፓ ገደብ አለፈ» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጋራዡን ጥፋተኛ ለማድረግ ግን አይበቃም። ማንም ያልደረሰበት የጫካ አፈርም ያንኑ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። አፈር ውስጥ ያለው ክሮሚየም አብዛኛው ባለ ሦስቱ ዓይነት (ክሮሚየም 3 የሚባለው) ነው፤ ካንሰር ያመጣል የሚባለው ባለ ስድስቱ (ክሮሚየም 6) ነው። ተራው መለኪያ ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ከመንገድ የራቀ፣ ያው ዓይነት ቀይ አፈር፣ ለምሳሌ ከጅሬን ኮረብታ ከፍ ካለው ጎን እወስዳለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ብረት ለአይረኑ አካፍዬ ነው የማየው፤ አይረኑ በአብዛኛው የአፈሩ የራሱ ስለሆነ ማመሳከሪያ ይሆነኛል። ለስሌት እንዲመች ቁጥር ፈጥሬ ላሳያችሁ (ልኬት አይደለም)። የጅሬኑ አፈር በኪሎ 20 ሚሊግራም እርሳስ፣ 180 ሚሊግራም ክሮሚየም፣ 10 በመቶ አይረን አለው እንበል። የመንገዱ አቧራ 120 እርሳስ፣ 130 ክሮሚየም፣ 6 በመቶ አይረን። ክሮሚየሙ ሲካፈል ከጅሬኑ 1.2 እጥፍ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ተፈጥሮ ነው፣ ተዉት። እርሳሱ ግን 10 እጥፍ ይሆናል። ይሄኛውን ሰው አምጥቶታል ማለት ነው።

እርሳስ ባዛልት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው፤ በኪሎ ጥቂት ሚሊግራም። ለዚህ ነው የጅማ አቧራ ላይ እርሳስ ከፍ ብሎ ካየሁ «ከየት መጣ?» ብዬ የምቀመጠው። ዚንክ ሲበዛ ጎማና ቆርቆሮ ነው የምጠረጥረው፤ ጎማ ሲሠራ ዚንክ ኦክሳይድ ይገባበታል፣ ጣሪያችንም በዚንክ የተነከረ ነው። መዳብ ከፍሬን ሸራ ይመጣል። ካድሚየም በትንሽ በትንሹ ከዚንክ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ከአንዳንድ ቀለሞችም ይገኛል።

ለሕፃን ልጅ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል እርሳስን ነው የምፈራው። የቀሩትን ወረፋ አስይዣቸዋለሁ።

አቦ ተው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡31

> ከየት መጣ

ከቤንዚን ነበር ይባል ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀርቷል። ታዲያ ዛሬ ምን ያስጨንቀናል?

ናሙና ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ቀርቷል፣ ልክ ነህ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ጨርሰው ተሰናብተዋል። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2021። ነገር ግን እርሳስ አይበሰብስም፣ አይተንም። ሸክላማ ቀይ አፈር ደግሞ ጨብጦ ነው የሚይዘው፤ ዝናብ ወደ ታች አያሰርገውም፣ ላይኛው ጣት በሚያህል አፈር ላይ ይቀመጣል። ነባር አውራ መንገድ ዳር ያለ አፈር የድሮውን ሁሉ አስቀምጦልሃል። ቀለምም አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዲሆን ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት፣ በተለይ ቢጫውና ቀዩ፣ እየተላጠ አቧራ ይሆናል።

አዋላጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ምሳ ሰዓቴ ላይ ነኝ፣ በአጭሩ። ማስኩን እርሺው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አፍና አፍንጫ አይሸፈንም፣ ይታፈናል። ደግሞስ የልጅሽ ችግር አየሩ ሳይሆን እጇ ነው። የምትድህ ልጅ መሬቱን ትዳስሳለች፣ ከዚያ እጇን ትጠባለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ውስጥ አካላቸው የሚቀበለው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ጉዳቱ የሚያርፈው አንጎል ላይ ነው፤ ትምህርት መቀበል፣ መናገር፣ መረጋጋት። ሳል አይደለም፣ ትኩሳት አይደለም፤ እናት አይታ «ታመመች» የምትለው ነገር የለም። «አቧራ ለብሰን አድገናል» የሚለው ወንድሜ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ለልጅ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን የለም። በደም ምርመራ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመከራል። ምርመራው ግን በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ ስለዚህ መከላከሉ ላይ ነው ማተኮር ያለብሽ። ማታ እመለሳለሁ።

ጀንፈል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ወላሂ ይሄን ውይይት ሳነብ ቡናዬ ትዝ አለኝ። መንገድ ዳር ሸራ ዘርግተን የምናሰጣውስ? ያ ሁሉ አቧራ ሊጠጣ ነው?

ናሙና ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20

ቡናው ጀንፈል ሆኖ ከተሰጣ አቧራው የሚያርፈው ገለባው ላይ ነው፤ ተፈልፍሎ ይጣላል። የታጠበውም ቢሆን ቀሽሩ አለው። የሚያሳስበኝ በርበሬ ነው። በርበሬ ከነቆዳው ይፈጫል፤ ላዩ ላይ ያረፈው ሁሉ ድስት ውስጥ ይገባል። በርበሬ አስፋልት ዳር አይሰጣ፣ ጣሪያ ላይ ወይ ጓሮ ይሁን። ቡናውንም ቢሆን ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ አስጣው፤ ለጣዕሙም ለዋጋውም ይሻልሃል፣ ይሄን ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቀዋለህ።

የቦዬ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40

አዌቱ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ጎመን የምትበሉ እጃችሁን አውጡ። የከተማው አቧራ ዝናብ ሲመጣ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? በቦዩ ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ።

ናሙና ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ትክክል። ጎመንና ሰላጣ ላይ ግን ከሥር ከሚመጠጠው ይልቅ ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ጭቃና የሚያርፈው አቧራ ነው ዋናው፣ እርሳስን በተመለከተ። ደጋግሞ ማጠብ ብዙውን ያወርደዋል። ካድሚየም ግን ሥር ይመጥጠዋል፣ መታጠብ አያስለቅቀውም።

የጠራጊ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እናቴ መንገድ ጠራጊ ናት። ሌሊት ወጥታ እናንተ የምታወሩለትን አቧራ በረጅም መጥረጊያ ስታስነሳ ነው የምታነጋው። የሚያሠሯት ክፍል ማስክ የሚሰጡት እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ያለበለዚያ ነጠላዋን ትጠመጥማለች። ልብሷን የምታጥበው ከኛ ልብስ ጋር ነው። ስለ ቤት ኪራይ ስታወሩ ስለሷም አውሩ እንጂ።

ናሙና ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

ልክ ነሽ፣ ከሁላችንም በላይ የምትተነፍሰው እሷ ናት። ብረቱ በብዛት የሚገኘው በደቃቁ ብናኝ ላይ ነው፤ እኛ ስንለካ በ63 ማይክሮን ወንፊት የምንነፋው ለዚህ ነው። ደረቅ መጥረጊያ አሸዋውንና ቆሻሻውን ይሰበስባል፣ ደቃቁን ግን ወደ አየር ይልከዋል። ከመጥረጓ በፊት ውኃ ረጨት ረጨት ብታደርግ ለውጡ በዓይን ይታያል። ነጠላ ደቃቁን አያስቀርም። የሥራ ልብሷን በር ላይ አውልቃ ለብቻው ትጠበው፤ ጫማዋም ውጭ ይደር። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ይሄ ግዴታ ነው።

ጎሚስታው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እናትሽን አላህ ይጠብቃት። ነገ ጠዋት ደጃችንን ውኃ እንድንረጭ ለልጆቹ እነግራለሁ። ለነገሩ እኛም ስንበይድ ውለን ማታ ወተት እንጠጣለን፤ እሱ ያጥበዋል።

አዋላጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ጋሼ፣ ወተቱን ይጠጡ፤ ግን አያጥብም። ቀለም ቀቢውም በያጁም ይህን ያምናል። ደም ውስጥና አጥንት ውስጥ የገባ እርሳስ በወተት አይወጣም፤ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ወተት የሚረዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ከወተቱ ካልሲየም፣ ከሌላ ምግብ ደግሞ አይረን የጠገበ ሆድ እርሳስን እንደ ራበው ሆድ አይቀበልም። ስለዚህ ለልጅ ጥሩ ምግብ መስጠት የእውነት መከላከያ ነው። ዘይት በነካ እጅ ብርጭቆ ይዞ ወተት መጠጣት ግን አብሮ መዋጥ ነው። መጀመሪያ ሳሙና። ቆርቆሮ በይዳችሁ ማታ ብርድ ብርድ የሚላችሁና ጠዋት የሚለቃችሁ ደግሞ የዚንኩ ጭስ ነው፤ ወባ መስሏችሁ መድኃኒት አትዋጡ፣ ተመርመሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለቡና ጠጭዋ። የልጅሽን ዓይን አትኳይ፤ አንዳንዱ ኩል የሚፈጨው ከእርሳስ ድንጋይ ነው። እንደገና ብታረግዢ ደግሞ አፈር ቢያምርሽ ንገሪን፣ አትፈሪ። ቁርጥራጭ አፈር ገዝተው የሚበሉ ነፍሰ ጡሮች ብዙ አያለሁ፣ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ እርሳስ ካለበት ግን በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል።

ቡና ጠጭዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡30

ሲስተር፣ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ግራ ቀኙን አየሁ። ሦስተኛው በር ባትሪ ቤት ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «ቻርጅ ብቻ ነው፣ አንሰብርም» አለኝ። ልመነው?

ጎሚስታው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡15

ጓሮውን እይ እንጂ አፉን አትይ። ቻርጅ ብቻ ከሆነ የምታይው ሽቦ፣ ቻርጀርና ሙሉ ባትሪ ነው። ከተሰበረ ግን የጥቁር ፕላስቲክ ስባሪ ይኖራል፤ ሲሚንቶው በአሲድ ተበልቶ ጎድጎድ ይላል፣ ሣር አይበቅልበትም። የጠቆረ ብረት ድስት ወይም የተቆረጠ በርሜል ከነከሰሉ ካየሽ አለቀ፣ ያቀልጣሉ። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የከሰል እሳት ይበቃዋል።

ናሙና ሰብሳቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ለምን እንደምናጠብቅ ለማታውቁ፦ ሴኔጋል፣ ዳካር ዳርቻ ትያሮይ ሱር ሜር የሚባል መንደር አለ። ከባትሪ የቀረ እርሳስ ያለበትን አፈር እየነፉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። ኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር ደግሞ የባትሪ ማቅለጫ ነዋሪውን በክሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሺሊንግ ካሣ ተፈርዷል። ሁለቱም ቦታ ሥራው የተጀመረው እንደ ተራ የዕለት እንጀራ ነው።

ቡና ጠጭዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ስባሪውም በርሜሉም አለ። ቤቱን ተውኩት። ሌላ አግኝተናል፤ ከአውራ መንገዱ ገባ ያለ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ብየዳ ቤት ብቻ ነው። ለዚህኛው ምን ላድርግ?

አዋላጅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡50

ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ የእንግዳም ቢሆን። ወለሉን በደረቅ አትጥረጊ፤ በእርጥብ ጨርቅ አብሺ፣ የመስኮቱን ደፍ ጭምር። የምትድህበት ምንጣፍ ብቻውን ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። ከመብላቷና ከመተኛቷ በፊት እጇን በሳሙና። መጫወቻዋንም እጠቢ።

አቦ ተው | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10

እሺ፣ እርሳሱ ገባኝ። መፍትሔው ታዲያ ቀላል ነው፦ ጋራዦቹን በሙሉ ከከተማ ማውጣት።

ጎሚስታው | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40

እኛን አወጣኸን እንበል። ደንበኛው ይከተለናል፣ አዲሱም ሰፈር በዓመቱ እንዲሁ ይሆናል። የለቀቅነው መሬት ላይስ ምን ይሠራል? ሰው ቤት ይሠራበታል፣ መዋዕለ ሕፃናትም ሊሆን ይችላል። ዘይቱና እርሳሱ እዚያው ነው፤ የሚሄደው እኛ ብቻ ነን።

ናሙና ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡05

ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ፤ የባትሪው ሥራ ግን ከመኖሪያ መሀል መውጣት አለበት፣ እዚያ ላይ አልደራደርም። የቀሩት ባሉበት ሆነው ወለላቸውን ሲሚንቶ ቢያደርጉ፣ ዘይቱን በበርሜል ቢሰበስቡ፣ ፍቂያውን በውኃ ቢያደርጉ አብዛኛው አቧራ ደጅ አይደርስም። የተለቀቀ የጋራዥ መሬት ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ላይኛው አፈር ይለካ። እርሳሱ ከበዛ ተዝቆ ይውጣ፣ ካልሆነም በንጹሕ አፈር ወይም በኮንክሪት ይሸፈን።

የራሱን ግቢ ማስለካት የሚፈልግ፦ ዝናብ ሳይኖር ለጥቂት ቀናት ከደረቀ በኋላ፣ በፕላስቲክ ብሩሽና በፕላስቲክ መዛቂያ፣ ከግቢው አራት አምስት ቦታ ዘግኖ ይቀላቅል። የብረት አካፋ አይጠቀም፤ ራሱ ብረት ይጨምርበታል። በወረቀት ከረጢት አድርጎ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍበት። አንድ ከረጢት ደግሞ ከጋራዥና ከመንገድ ከራቀ ቦታ፣ ያው ቀይ አፈር። ሁለተኛዋን ከረጢት ያላመጣ ሰው ውጤቱን እንድተረጉምለት አይጠይቀኝ።